ከመብራቱ ጀርባ ያሰርኋት ቆርቆሮ

እኔና መኪናዬ አብረን ነው ያረጀነው። ዳገት ላይ ሁለታችንም ቆም እንልና አገር የምናይ እንመስላለን። የሚለየን እሷ ማጨሷ ነው።

ቤታችን ላሊበላ ውስጥ ከዳገቱ ሥር ነው። የትም ለመሄድ መጀመሪያ የድንጋይ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል፤ ቀኝ ጉልበቴ ደግሞ ደረጃ ላይወጣ ከማለ ሦስት ዓመት አለፈው። መኪናዋ በጓሮ በምትዞረው ጠባብ መንገድ ካላወጣችኝ አገሬ ከደጃፌ እስከ ጎረቤቴ አጥር ናት። ጎረቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ያለው ወሬ አንድ ነው።

ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። ጭሱንም ታውቃለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዋን ሳስነሳት፣ ነጠላ ለብሰው የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሰማያዊ ጭስ ደረቡበት። ባለቤቴ ነገሩን ያነሳችው እቤት ስንገባ ነው።

«ኩልመስክ ከተማ አንድ እህል ነጋዴ ይፈልጋታል» አለችኝ ነጠላዋን እያጠፈች። «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብትጨስ፣ ወይ መንገድ ላይ ብትቆም እሰጠዋለሁ።»

«እኔንስ ምን ታደርጊኛለሽ?»

«አንተማ ከቆምክ ቆየህ።»

መሸጥ ትችላለች፤ መኪናዋ በስሟ ናት። በስሟ ያደረግሁት በጊዜው ብልጠት መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱን አልናገርም።

ወልድያ ላለ ለድሮ መካኒክ ወዳጄ ደወልኩ። «ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል» አለኝ። ሲያረጅ ትንፋሹ ዘይት ይቀላቅላል። ያ ትንፋሽ በቱቦ ዞሮ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት ይገባና ይቃጠላል፤ ጭሱ እሱ ነው። በመሀል አንዲት ቆርቆሮ ብትገባ ዘይቱ እሷ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ የተጣራው ትንፋሽ ያልፋል። «ርካሽ ናት፤ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ» አለ።

ቆርቆሮዋ መጣች። የወተት ዱቄት ጣሳ ታክላለች፤ ከላይ ሁለት አፍንጫ አላት፣ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። ርካሽነቷ የታወቀኝ የአፍንጫዎቹ ማሸጊያ ጎማ አብሯት አለመምጣቱን ሳይ ነው። ነፋስ ከሚመታበት፣ ከመኪናዋ የፊት መብራት ጀርባ፣ በሽቦ አሰርኋት። ዘይቱን እንዲያስቀር ሆዷ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቀጠቅሁ፤ ሽቦው ከወጥ ቤት ነው የመጣው፣ አልጠየቅሁም። የቀረው ማሸጊያው ነበር።

እዚህ ላይ አስተዳደጌ ጉድ ሠራኝ። የቄስ ልጅ ነኝ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የተሰነጠቀ ቅል በሰም ይደፈን ነበር፤ የሚያንጠባጥብ ገንቦም እንደዚያው። ሰም ያቃተው ቀዳዳ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ለነአኩቶ ለአብ የተሳለቻቸው ሦስት ጧፎች ሳጥኑ ላይ ነበሩ። አንዱን አነሳሁና ክሩን መዝዤ አወጣሁ፤ ሰሙን በመዳፌ አለስልሼ አፍንጫዎቹን ከውስጥም ከውጭም መረግሁ። የአርባ ዓመት ሹፌር ነኝ፤ ሞተር እንደሚግል አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሹፌሩ ተኝቶ የቆሎ ተማሪው ነበር የሚሠራው።

ግቢ ውስጥ አስነሳኋት። ጭስ የለም። ባለቤቴ መጥታ ከኋላ ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ሽማግሌ ሲታከም እንዲህ ነው» አልኳት።

«ነገ መንገድ ላይ እናያለን።»

በማግስቱ ነአኩቶ ለአብን ልትሳለም ነበር። የንስሐ አባታችንንም ጨመረች፤ ምስክር ፈልጋ ይመስለኛል። እሳቸው በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። «ልጄ» ይሉኝና ወዲያው ደግሞ «እርስዎ» ይሉኛል፤ ሁለታችንም እንቸገራለን። ጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነች።

ግማሹን መንገድ እንደ ንጉሥ ነዳሁ። በመስታወት ጭስ ስፈልግ የማየው አቧራ ብቻ ነው። «አየሽ?» አልኩ። ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትሸነፍ ፊቷን ታዞራለች ብዬ ደስ አለኝ። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር «ዷ» አለ፤ ወዲያው ኮፈኑ ከዳር እስከ ዳር ጨሰ።

ቀኙ ገደል ስለሆነ መሪውን ወደ ግራ አዙሬ ከአለቱ አስጠግቼ አቆምኳት። ጥሩ አድርጌ ነው ያስጠጋኋት፤ በሬን ስገፋው አለቱን መትቶ ተመለሰ። ጣቴ እንጂ እኔ የምወጣበት አልነበረም። በቀኝ ልውጣ ብል ጉልበቴ ማርሹን መሻገር ሊኖርበት ነው፤ ከማርሹ ማዶ ደግሞ አባ አሉ። አባ በራቸውን ከፍተው ወደ ታች አዩ። ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

«ልጄ፣ እዚሁ ብንጸልይ ይሻላል» አሉ።

ባለቤቴ ግን ወርዳ፣ እግር በምታስቀምጥ ዳር ዳሩን ሄዳ ኮፈኑን አነሳችው። ኮፈኑ ሲነሳ ፊቴ ተጋረደ። በግራዬ አለት፣ በቀኜ ካህን፣ ከፊቴ ኮፈን። የቀረኝ ድምጿ ብቻ ነበር።

«አንድ ዘንግ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ዘይቱን በዚያ ነው የተፋችው።»

«የዘይት መለኪያዋ ነው። ትንፋሿ ሲታፈን ገፍቶት ነው። እስቲ ቱቦውን ከቆርቆሮዋ ንቀይው። ይፋጃል፣ በጨርቅ ያዥው።»

ጋቢዬን አባ በመስኮታቸው አቀበሏት። ቱቦውን ስትነቅለው ሰማሁ።

«ሽቦ አለ ውስጧ። የኔ ሽቦ ነው። ቢጫ ነገር ደፍኖታል።» ስታሸት ተሰማኝ። «ሰም ነው።»

«ሞተር ላይ ሰም ከየት ይመጣል?» አሉ አባ ወደኔ ዞረው። እኔ አለቱን አየሁ።

«አንተ ሰው፣ ጧፎቹ ስንት ናቸው?» አለች ከኮፈኑ ማዶ።

«ሁለት።»

«ሳስቀምጣቸውስ?»

ኑዛዜ ላይ ሁልጊዜ ኃጢአቴን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሰው መርጦልኝ፣ የንስሐ አባቴ ጉልበቴን እየነኩኝ፣ በሩም ሳይከፈት ስናዘዝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«ሦስት ነበሩ» አልኩ። «አንዱን ለቱቦው መረግሁት። ግለቱ አቅልጦታል፣ ከዚያ ነፋሱ ቆርቆሮዋ ውስጥ አርግቶታል።»

አባ ጥላቸውን አጥብቀው ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተቆጥተው መስሎኝ ፈራሁ። ለካ እየሳቁ ነው።

ከዚያ ወዲያ እኔ ከወንበሬ ሆኜ እየነገርኳት፣ እሷ እየሠራች ቀጠልን። ሰም የበላውን ሽቦ አውጥታ ጣለች፣ ቱቦውን ክፍት ተወችው፣ ዘንጉን መለሰች። ከኋላ ካለው መጠባበቂያ ዘይት ጨመረች። ሳስነሳት ተነሳች። ነአኩቶ ለአብ ሁለት ጧፍ ይዘን ዘግይተን ደረስን፤ እዚያ ስለ ሦስተኛው ማንም አላነሳም።

በመልሱ ግን አነሳችው። «ጨሳለች፣ ቆማለችም» አለች ከኋላዬ። «ዛሬ ለሰውዬው እደውላለሁ።»

«ከሸጥሻት እዚያች ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምሞተው» አልኩ።

ቀልዱ እስኪከተል ሁለቱም ጠበቁ። የሚከተል አልነበረም።

«መኪናዋ አልበደለችም» አሉ በመጨረሻ አባ። «ትቆይ። ቁልፉ ግን ከእርስዎ ዘንድ ይሁን» አሏት ወደ ኋላ ዞረው። ከዚያ ወደኔ፤ «ልጄ፣ የእርስዎም ቀኖና ይኸው ነው። መሄድ ሲፈልጉ ሚስትዎን ይጠይቃሉ። ጧፉንም ይመልሳሉ።»

ጧፉን መለስኩ። ወዳጄ የጎማ ማሸጊያውን በሌላ አውቶቡስ ላከው፤ የገጠመችው ባለቤቴ ናት። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ጠበቅ፣ ላላ» ብያለሁ። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ አልጨሰችም። ቁልፉ መቀነቷ ላይ ታስሮ ይውላል።

ከጥቂት ቀን በፊት ጠዋት «እስቲ ቁልፉን» አልኳት።

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

አሰብኩ። ገበያ አይደለም፣ ዘመድ የታመመ የለም። ድሮም ብዙውን ጊዜ የምሄድበት አልነበረኝም፤ ብቻ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ አስነስቼ እወጣ ነበር።

«ቆርቆሮዋ ስንት ዘይት እንደያዘች ላየው ነው» አልኩ።

«አይቼዋለሁ። ጣት አይሞላም። ደፍቻታለሁ።» እጇ መቀነቷ ላይ ነበር፤ መጠበቋ ነው። «ሌላስ?»

ሌላ ፈለግሁ። እስካሁንም እየፈለግሁ ነው።