ደርሼ ልምጣ

አጎቴ ከንቲባ ነው። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልሾመውም፤ ማዕረጉን የሰጠችው የገዛ ሚስቱ ናት። ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያውን ይዞ ሲወጣ "ከንቲባው ከተማውን ሊጎበኝ ነው" እያለች ስትቀልድበት ጎረቤት ሰማ፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ። በሙያው ልብስ ሰፊ ነው። የሚያስተዳድረው ከተማ ደግሞ ከፈትል ፋብሪካው በር እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው የሚደርስ አንድ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ሱቁም ሁሉ ዝግ። የሁሉም ቁልፍ ያለው እሱ እጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ "ተዘጋ" ብሎ የነገረን የለም። "ለእድሳት ነው" ተባልን። የፈረቃው ሳይረን ዝም አለ፣ በሩ ላይ ሣር በቀለ፣ እኛ ግን እድሳቱ መቼ ያልቃል እየተባባልን ከረምን። ገበያ ጠፍቶ ባለሱቆቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱም "ለቅቄ ሄድኩ" ያለ አልነበረም። የሁሉም ቃል "ደርሼ ልምጣ" ነበር። ደርሶ የሚመጣ ሰው ደግሞ ቁልፉን ይዞ አይሄድም፤ ጣራው ቢያፈስስ? አይጥ ቢገባስ? ስለዚህ የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ወደሚውለው አጎቴ ጎራ ይልና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "አደራ" ይለዋል። አጎቴ የሚሠራው በራሱ ቤት ስለሆነ የገበያ መጥፋት አላባረረውም። ሥራው ግን ተለወጠ፤ የፋብሪካ ቱታ ይሰፋ የነበረ ሰው ያንኑ ቱታ እየጣፈ መኖር ጀመረ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና የሄዱትን ላስታውስ። መጀመሪያ የሄደው ሰዓት ሠሪው ነው። በእኛ ከተማ ሰዓት ሠሪ ምን ይሠራል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሱም አያውቅም ነበር። የምንተኛውም የምንነሳውም በፋብሪካው ሳይረን ነው። ሰው ሰዓት የሚያስረው ለጌጥ ነበር፤ የቆመ ሰዓት አስሮ እጅጌውን የሚሰበስብ ጎረምሳ ሞልቶን ነበር። ለሚያሠራ ሰው የሰዓት ሠሪው መልስ ሁልጊዜ "ነገ" ነው። ሳይረኑ ዝም ሲል ታዲያ ሰዓት የቸገረን ሁሉ የቆመውን ይዘን ሮጥን፤ እሱ እቴ፣ ሱቁን ቆልፎ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኛ ነገር ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ምላሱ ከምድጃው ይበልጥ ይፋጅ ነበር። ዳቦው በየዓመቱ እያነሰ ስለሄደ አንድ የፈረቃ ሠራተኛ ከፍ አድርጎ እያሳየው "ቅምሻውን አየሁት፣ ዳቦውስ?" ቢለው፣ "ድሮ አፋችሁ ትንሽ ነበር" አለው። ከእሱ ጎን ሙዚቃ ቤት፣ ከሙዚቃ ቤቱ ጎን ጸጉር አስተካካዩ ነበሩ። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን የሚያንቀሳቅሰው በዘፈኑ ምት ነው። ፈጣን ዘፈን ሲከፈት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጆሮውን በእጁ ይሸፍን ነበር።

የመንገዱ ኩራት ግን ፎቶ ቤቱ ነው። ግድግዳው ላይ ሐይቅ ተስሏል፤ ሐይቁ ላይ ነጭ ወፎች ይዋኛሉ፤ ከሐይቁ ፊት ለፊት አንድ ወንበርና የማይሠራ ስልክ አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያልተነሳ ሠራተኛ የለም። ሁሉም የሚነሳው ደግሞ አንድ ኮት ለብሶ ነው። ኮቱን የሰፋው አጎቴ ነው፤ ከፊት ሲያዩት የሚኒስትር ኮት፣ ከኋላው ግን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ክፍት። ለቀጭን ሰው በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ ይደረጋል፣ ለወፍራም እንዳለ ይተዋል። ዛሬም በየቤቱ ግድግዳ አማትና አማች፣ ጠላትና ጠላት፣ በዚያው ኮት ተኮፍሰው ስልክ ያናግራሉ።

አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን ሁሉ ይከፍታል። ይጠርጋል፣ መስኮት ከፍቶ ያናፍሳል፣ ኮቱን በብሩሽ ይጠርገዋል፣ ጓጉንቸሮቹን ዝገት እንዳይበላቸው በስፌት መኪና ዘይት ያብሳቸዋል። አንድ ክረምት የሰዓት ሠሪው ሱቅ የጎን ግድግዳው ወደቀ፤ በሬ ከነቀንዱ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። በቀጣዩ ቅዳሜ አብሬው ነበርኩ። አጎቴ የፈረሰውን አልፎ፣ ዞሮ ሄዶ፣ በሩ ላይ ያለውን ጓጉንቸር መክፈት ጀመረ።

"ጋሼ፣ በዚህ በኩል ግባ እንጂ!" አልኩት።

"ሌባ ነኝ እንዴ?" አለኝ። "ሰው ቤት የሚገባው በበር ነው።"

ጠርጎ ሲያበቃ ወጥቶ ቆለፈው። መቆለፉንም ሳብ ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። ይህን ለከተማው ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አጎቴም ሲነግሩት አብሮ ሳቀ፣ ቅዳሜ ግን አሁንም በበሩ ገባ።

ሚስቱን አክስቴ ነው የምላት። በተረብ እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ ልጃቸው ከሩቅ ከተማ ተድራ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ "ሁለታችሁም ጠቅልላችሁ ኑልኝ፣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ" አለች። አክስቴ ያን ዕለት ሻንጣ አወረደች። አጎቴ የስፌት መኪናውን መርገጥ አላቋረጠም።

"ባለቤቶቹ መጥተው ቢያጡኝስ? አደራ በላ ልባል ነው?" አላት።

"ቁልፎቹን ለጎረቤት ስጣቸዋ።"

"አደራ ለሌላ አይሰጥም።"

"እሺ ደውልላቸው!"

ደወልን። የአንዳንዱ ቁጥር አይሠራም፣ አንዳንዱን የማናውቀው ሰው ያነሳዋል። ዳቦ ጋጋሪው ከሞተ መቆየቱን የሰማነው ያኔ ነው። አክስቴ "የእሱንስ ቁልፍ ማን ይረከብሃል?" ብትለው፣ "ልጆች አሉት" አላት።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብላ ሻንጣዋን ዘጋች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። እሱ ሻንጣዋን ተሸክሞ ከፊት ከፊት ሲሄድ፣ እሷ ከኋላ ሆና ለእኔ "አንድ ባል ነበረኝ፣ ሱቅ አገባ" ትለኛለች፤ ሳቅኩ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ግን ቀልዱ ጠፋ። በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችው። እንደ ሌሎቹ "ደርሼ ልምጣ" አላለችውም። "ስትጨርስ ና" ነው ያለችው።

ምኑን እንደሚጨርስ አላወቀም። እኔም አላወቅኩም። ወራት አለፉ። የሕፃኑ ፎቶ በእኔ ስልክ ይመጣል፤ አጎቴ ክንዱ እስኪያልቅ አርቆ ይዞ ያየዋል። ልጁ ተቀመጠ፣ ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ፤ ሁሉንም ያየው በዚያች በተሰነጠቀች ስልኬ ነው። አንድ ቀን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም?" አልኩት። እንደ ወትሮው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። መኪናው ላይ የሚሰፋውን ጎንበስ ብዬ ሳየው የራሱን ሱሪ ወገብ እያጠበበ ነው። አንጀቴን በላው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቁልፍ ቀልጄበት አላውቅም።

ከዚያ ፎቶ አንሺው መጣ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። መኪና ከበረንዳው ፊት ለፊት ቆመ፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቦርጩ የገፋ ሰውዬ ከአማቹ ጋር ወረደ። ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ "ድሮ የሠራሁባትን ከተማ ላሳይህ" ብሎት ነው። አጎቴ ክር እንደነከሰ ብድግ አለ። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ "አላረጀህም" ተባባሉ፤ ሁለቱም ዋሹ። አጎቴ ሳይቀመጥ ወደ ውስጥ ሮጦ የፎቶ ቤቱን ቁልፍ አመጣ።

"ይኸው" አለው።

"ምንድን ነው?"

"ቁልፍህ ነዋ።"

"የምን ቁልፍ?" አለ ፎቶ አንሺው፣ ፈገግ እንዳለ።

አጎቴ የተቀለደበት መስሎት ሳቀ። ይዞት ሄደ፣ በሩን ከፈተለት፣ መስኮቱን ከፈተለት። ወንበሩ አለ፣ ስልኩ አለ፣ ወፎቹ ሐይቃቸው ላይ ናቸው። ኮቱ አቧራ ሳይነካው ማንጠልጠያው ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ አንሺው በእጁ አፉን ያዘ።

"እንዴ! ይኼ ሁሉ አለ እንዴ? እኔ እኮ ያኔ የሚረባውን ጭኜ፣ ሌላውን የፈለገ ይውሰደው ብዬ ነው የሄድኩት።"

"ቁልፉን ሰጥተኸኝ የለ?"

"ለአንተ? እኔ?" ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ሊሆን ይችላል ወንድሜ። በእውነት አላስታውሰውም።"

ክፉ ሰው አይደለም። አጎቴን ደግሞ አቀፈው፣ ኮቱን ለብሶ በአማቹ ስልክ ፎቶ ተነሳ፤ ከኋላው ያለው ክፍተት ቦርጩን ጠቀመው። "ቤቱንም ዕቃውንም ለሚፈልግ ስጠው፣ አትድከም" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሄደ።

አጎቴ ቁልፉን በሁለት ጣቱ እንደያዘ መንገዱ መሀል ቀረ። እየጎተትኩ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። ቆይቶ "ደውይላት" አለኝ።

ጆሮው ከበድ ስለሚል የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ አኖርኩለት። ከወዲያ ሕፃኑ ይንጫጫል።

"ፎቶ አንሺው መጥቶ ነበር" አላት።

"አትለኝም! ቁልፉን ተረከበህ?"

"አንቺዬ፣ ረስቶታል። አደራ ማለቱን ራሱ ረስቶታል።"

በዚያች ሴት አፍ ስንት ተረብ እንደሚመጣ እየገመትኩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተረብ አልመጣም።

"አባቴ እኔን ለአንተ ሲሰጥ ምን ነበር ያለህ?" አለችው።

አጎቴ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የክር ቁራጭ በጣቱ እየጠቀለለ ቆየ።

"አንተ ሰው፣ አለህ?"

"አለሁ።"

"ምን ነበር ያለህ?"

"አደራ ነው ያለኝ።"

"እንግዲህ የረሳው ፎቶ አንሺው ብቻ አይደለም" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። "ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ልዝጋው።"

ስልኩ ሲዘጋ አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"የነገው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አለኝ።

ሲነጋ የስፌት መኪናውን ጭንቅላት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ለሕፃኑ የሰፋትን ቁምጣ ኪሱ ውስጥ ከትቶ መናኸሪያ ደረሰ። ቁልፎቹን በአንድ ገመድ አስሮ ሰጠኝ።

"የመጣ ሰው ካለ ስጪው" አለኝ። አደራ አላለኝም። ትንሽ ጠበቅኩ፤ ሊል ነው ብዬ ፈርቼም፣ ፈልጌም ነበር መሰለኝ። ጉንጬን ሳመኝና አውቶቡሱ ላይ ወጣ፤ በመስኮት በኩልም አልተመለከተም፣ ሹፌሩን መቼ እንደሚደርሱ እየጠየቀው ነበር።

ማታ በዚያ በኩል ሳልፍ በረንዳው ላይ የጎረቤት ድመት ተኝታለች፤ የገዛ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባሁ። አልጋው አልተነጠፈም፣ የሻይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ የቤቱ ቁልፍ ከውስጥ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። እዚያው ቆሜ ለሴት ልጁ ደወልኩላት፤ ሳቄ እንባ እየቀላቀለ ነበር።

"አባትሽን አገናኚኝ፣ ቤቱን ሳይቆልፍ ነው የሄደው" አልኳት።

"ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እናቴ እግሩን አጥባው ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። ሕፃኑ ሆዱ ላይ ተኝቷል፣ ሁለቱም ያንኮራፋሉ። ልቀስቅሰው?"

"ተዪው" አልኳት። "አትቀስቅሺው።"