ቱ-ፎር-ዲ በውሃ ጠርሙስ

ሮቤ ውስጥ የእርሻ መድኃኒት መሸጥ የጀመርኩ ዕለት የመደብሩ ባለቤት ሐጂ ከድር አንድ ጥንድ ጓንት ሰጡኝና መደርደሪያውን እንዳጸዳ አዘዙኝ። ጠርሙሶቹን እያነሳሁ ስወለውል ከመለያቸው ግርጌ ባለ ቀለም መስመር አየሁ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ፋብሪካው ለማሳመር ያደረገው ይሆናል አሉኝ።

አላመንኩም። ሥራ ሲቀዘቅዝ የመለያዎቹን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። የቀለሙን ነገር የነገረኝ ግን ጎባ ላይ ለሻጮች በተሰጠ ሥልጠና ያገኘሁት ባለሙያ ነው። ለካ የመርዙን ኃይል ደረጃ የሚያሳይ ነው፤ ቀዩ የከፋው። እዚያው መድኃኒትን ከታሸገበት ዕቃ ገልብጦ መሸጥ ክልክል መሆኑንም ሰማሁ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለምን እንደተከለከለ ግን ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

አንድ የአረም ወቅት ኦቦ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከዲንሾ መጡ። ገብሳቸውን አረም ወሮታል። ለስንዴና ለገብስ የምንሸጠው ቱ-ፎር-ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ በባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ታሽጎ ብቻ ነበር የሚመጣልን፤ የእርሳቸው ማሳ ግን ትንሽ ናት። ባዶ የውሃ ጠርሙስ አውጥተው ዘረጉልኝ። አሳዘኑኝና ቀዳሁላቸው። "የአረም መድኃኒት" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት፤ ለገብሱ እንዴት እንደሚረጩትም በኦሮምኛ ነገርኳቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰው መጡና ከፌስታል አንድ የባቄላ ተክል አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ግንዱ እንደ ገመድ ተጠማዟል፣ ቅጠሉ ተኮማትሯል። ከገብሱ የተረፈውን ሚስታቸው አዴ ፋጡማ ጽሑፉን አይተው ባቄላው ላይ ረጭተውታል።

"ልጄ፣ እሷ እኮ ማንበብ ትችላለች፤ ጠርሙሱ ግን ባቄላ እንደሚገድል አልነገራትም" አሉኝ።

የፋብሪካው መለያ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። እሱ ግን እኛ ዘንድ በቀረው ጠርሙስ ላይ ነው። ያደረግኩትን ለሐጂ ነገርኳቸው።

"ደንቡን ታውቂው ነበር?"

"አውቀው ነበር። ምክንያቱን ነው ያላወቅኩት።"

ማሳውን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ፤ በማግስቱ ከሐጂ ጋር በሚኒባስ ዲንሾ ሄድን። ባቄላው ዳር እስከ ዳር ተጣሞ ተኝቷል። አዴ ፋጡማን እንዴት እንደረጩት ጠየቅኳቸው፤ በባዶ እጃቸው በጥብጠው ነው። ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጡት ብጠይቃቸው ወጥ ቤት አስገብተው አሳዩኝ። ከምግብ ዘይቱ ጎን ቆሟል። ወረቀቴ እርጥበት ነክቶት ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው "መድኃኒት" የሚለው ብቻ ነው። ጠርሙሱን ከዚያ አነሳሁት። የሞተው ባቄላ ብቻ መሆኑን አሰብኩና ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ሐጂ ለድጋሚ ዘር የሚሆን ባቄላ ሰጧቸው። ስንመለስ ፈቃዳችን ይነጠቃል ብለው ቢፈሩም ለግብርና ቢሮው ባለሙያ ራሳችን ሄደን ነገርነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ከዚያ ወዲያ ጠርሙስ ይዞ የመጣን ሁሉ መለስኩ። ብዙዎቹ ተቆጥተው ሌላ ሱቅ ሄዱ፤ ኦቦ ሁሴን ግን አልሄዱም። ሐጂ በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ እንዲላክልን አከፋፋዩን ሲወተውቱ ከረሙ፤ በቀጣዩ የአረም ወቅት መጣልን። የሄዱትም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

መድኃኒት ከዕቃው ሲወጣ መለያው አብሮት አይወጣም። ስለዚህ እንደታሸገ ይሸጣል።