እናቴ የጸለየችበት ሰው

ናይሮቢ ከምኖርበት ሕንፃ ጀርባ ካለው መስጊድ የንጋት አዛን ሲሰማ፣ ዛሬም የእናቴ ሸበጥ የሲሚንቶውን ወለል እየፋቀ ሲሄድ የምሰማ ይመስለኛል። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ባለው ከተማ፣ እናቴን ለጸሎት የሚቀሰቅሳት ሰዓት ሳይሆን አዛኑ ነበር። «እነሱ ለፈጣሪያቸው ሲነሡ እኔ ክርስቲያኗ እንደ ግንድ ልጋደም?» ትልና ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከራስጌዋ ወደ ተሰቀለው የማርያም ሥዕል ዞራ ትቆም ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙሌ እዚያው ክፍል በአንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነን እንተኛ ስለነበር፣ የተኛን መስለን ሁሉንም እንሰማ ነበር።

ጸሎቷ የሚጀምረው በሾፌሮች ነበር። ሆቴል ነበረን፤ ሆቴል ሲባል ግን ጥቂት አልጋዎችና አንዲት ምግብ ቤት ናት። ከኢትዮጵያ ቦሎቄ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች እኛ ቤት አድረው ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት፣ ያ የቀድሞው ኮረኮንች ሽፍታም ጭቃም የማያጣው ነበርና፣ «እትዬ ብርቄ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» እያሉ የክርስትና ስማቸውን ሹክ ብለዋት ይሄዱ ነበር። በጸሎት የሚጠራው ያ ስም ስለሆነ፣ እናቴ የሰውን የዓለም ስም ትረሳለች እንጂ የክርስትና ስሙን አትረሳም ነበር፤ «ያ ቀዩ ሾፌር» ብንላት አታውቀውም፣ «ወልደ ሰንበት» ካልናት ግን ምን በልቶ፣ ምን ከፍሎ፣ በምን ተጨቃጭቆ እንደሄደ ትነግረን ነበር።

ከሾፌሮቹ ቀጥሎ ተራው የእኛ ነበር። «ገብረ ሥላሴን አሳድግልኝ፣ ወለተ ሐናን አሳድግልኝ» ትላለች፤ የመጀመሪያው ሙሌ፣ ሁለተኛዋ እኔ ነን። እኛንም አልፋ ገና ያልተወለዱ ልጆቻችንን፣ የእነሱንም ልጆች እየጠራች፣ «እስከ ሰባት ትውልድ ደማቸው መሬት አይንካ» ስትል፣ እኔ ጡት እንኳ ሳላወጣ ያን ሁሉ ልጅ የምወልደው ከማን ይሆን እያልኩ በብርድ ልብሱ ውስጥ አፍር ነበር። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሚፈልገንን መንገዱን አጥፋበት፣ ዘሩንም አታብዛለት» ትልና ሰግዳ ትጨርሳለች። ይህን የምትለው ስለ ሰይጣን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ ሰይጣንም ይወልዳል እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት፣ ልትመታኝ ያነሣችውን እጇን መልሳ ራሴን ዳበሰችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

በጋ ሲመጣ ከተማው በአቧራ ይሸፈን፣ ውኃ በአህያ ተጭኖ እየመጣ በጄሪካን ይሸጥ ነበር። እኔ በጋን የማስታውሰው ግን በአባቴ ነው፤ ምክንያቱም የሞተው በጋ ላይ ነበር። አባቴ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። ከምግብ ቤቱ ዝንብ እንኳ ሲያስወጣ በፎጣ እያባረረ ወደ በሩ ይነዳት ነበር እንጂ አይገድላትም፤ ደንበኞች ይስቁበት ነበር። ስለ አገሩ ስንጠይቀው «ደጋ ነው፣ ይበርዳል» ብሎ ያልፈናል። ጉበቱን ታሞ ሲሞት ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል ባለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው፤ ከዚያ ወዲህ ያ የጸሎቷ የመጨረሻ ቃል ከወትሮው ጠንክሮ ይሰማኝ ጀመር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ሁዳዴ ላይ ወረደ። ቦረናዎቹ ጋና የሚሉት ይህ ዝናብ ሲመጣ ሣሩ ይለመልም፣ ወተቱ ይትረፈረፍ ነበር፤ መንገዱ ግን ይቆረጥና ሾፌሮች የእኛ ቤት እስረኛ ይሆኑ ነበር። ከታገዱት አንዱ ታደለ የሚባል ወጣት ሾፌር ነበር፤ መኪናውን ግቢያችን አስገብቶ ከኋላ ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ታኮ አድርጎ፣ መንገዱ እስኪደርቅ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። ሳቂታ ነበር። ሙሌን መሪ አስጨብጦ የቆመ መኪና ያስነዳው፣ እኔን ደግሞ በስዋሂሊ ሾፌር ለማለት «ደሬቫ፣ ደሬቫ» እያልኩ ስጠራው «አማርኛሽን ጅብ በላው?» ይለኝ ነበር። ሙሌ ያኔ ጢም ሊያበቅል ሲል ነበርና፣ አባቱን ያጣ ልጅ ወንድ እንደሚወድ ወደደው፤ ሲበላ አብሮት ይበላል፣ መኪና ሥር ሲገባ አብሮት ይገባል።

ታደለን ወባ ጣለው። የሶሎሎ ሆስፒታል መንገድ በጎርፍ ስለተቆረጠ እናቴ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን አስመጥታ፣ በእጇ እያስዋጠች፣ የነከረችውን ጨርቅ ግንባሩ ላይ እየለወጠች ታስታምመው ነበር። ትኩሳቱ በረድ ያለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ እንደ ልማዷ «የክርስትና ስምህ ማነው? በጸሎት ላስብህ» አለችው።

«ኃይለ ኢየሱስ» አላት። ከዚያ እጇን ያዝ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ለእኔ ተይው፤ ልጅ እንዲቆምልኝ ለምኚልኝ። ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀበርኩ። ክርስትና እንኳ ሳይነሡ። ለአባቴም ከእኔ ሌላ የለውም» አላት።

«አባትህ አለ?»

«እኔ በእናቴ ሆድ ሳለሁ ነው የገደሉት። ጥድ አምባ በሚባል አገር፣ በእርሻ ድንበር ተጣልተው። አያሌው ይባላል። ገዳዩ አገር ጥሎ ጠፋ፤ ልጆች አሉት ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ስትሞት ‹የአባትህን ደም አደራ› ብላኛለች። ሾፌር የሆንኩት ለምን ይመስልሻል? ሾፌር አገር ላገር ይዞራል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው አንድ ነገር ያወራል።»

የእናቴን ፊት የዚያን ዕለት እንዳየሁት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። ደም የሚባል ነገር ከፊቷ ጠፋ። የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወድቆ ጠብ ጠብ ሲል አላነሣችውም፤ እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አውጥታ፣ በእኔ አጠገብ ሳታየኝ አልፋ ወጣችና በዝናቡ መሐል ግቢው ላይ ቆመች። ወተት የሚያመጣልን ጂሎ የሚባል የቦረና ሰው ጣሳውን እንደያዘ ደንግጦ «ሀዳ ሙሌ፣ ማል ታቴ?» አላት፤ የሙሌ እናት፣ ምን ሆንሽ ማለቱ ነበር። በማግሥቱ አዛኑ ተሰማ፤ እናቴ ግን ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች እንጂ ለጸሎት አልቆመችም። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ አዛኑ አልቆ ቤቱ ጭር ሲል የሞትን መሰለኝ።

ሲነጋጋ ሁለታችንንም ወደ ጓዳ ወስዳ ነገረችን። አያሌውን የገደለው አባታችን ነበር። እዚህ ሲመጣ ስሙን ለውጦ ነው የኖረው፤ የሟች ሚስት ነፍሰ ጡር እንደነበረች ስላወቁ ያ ፅንስ ወንድ ሆኖ እንዳይመጣ ሲፈሩ ኖረዋል፤ ገዳይ ሲሞት ደግሞ ደሙ የሚፈለገው ከልጁ፣ ያውም ከወንዱ፣ ከሙሌ ነው። አባቴ! ያ በፎጣ ዝንብ የሚነዳው አባቴ! «ውሸትሽን ነው» ብዬ ጮህኩ፤ አፌን በመዳፏ አፈነችው፤ ታደለ የተኛው ከግድግዳው ማዶ ነበርና። እናቴ ያኔውኑ ልብሱን በፌስታል ቋጥራ ከጂሎ ጋር ኦዳ ወደሚባል የገጠር መንደር ሰደደችው።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ነገሩን የሚያውቅ የለም፣ መንገዱ ሲደርቅ ሰውዬው ይሄዳል፣ እኛም እንደ በፊታችን እንኖራለን። እኔ እንደዚያ እንድታደርግ በልቤ እለምን ነበር። እሷ ግን ምግብ እምቢ ብላ፣ እንቅልፍ እምቢ ብላ፣ «ሁለት ልጅ... ሁለት ልጅ...» እያለች ከጓዳ ወደ ግቢ ከግቢ ወደ ጓዳ ትመላለስ ነበር። የደሙን ፍርሃት የረሳችው እስኪመስል ድረስ የበላት ሌላ ነገር ነበር። የዚያን ጊዜ ነው የሚፈልገን የተባለው ማን እንደሆነ፣ ዘሩ እንዳይበዛ የተለመነበትም ማን እንደሆነ የገባኝ።

ታደለ ተሽሎት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሊሞቅ የወጣ ቀን፣ እናቴ ወደ መኪናው ሄደች። በጎማው ሥር የነበረውን ታኮ ድንጋይ እየታገለች አወጣችና በጫንቃዋ ተሸክማ መጣች። በደጋ አገር እርቅ የሚለምን ወገን እንደዚያ ድንጋይ ተሸክሞ ነው በሟች ወገን ፊት የሚወድቀው፤ ሽማግሌ ይዞ፣ ካህን ይዞ፣ ያውም ወንድ ነው። እሷ ብቻዋን ነበረች። ታደለ እየሳቀ «እትዬ፣ መኪናዬ ይንሸራተትብኛል እኮ» ብሎ ሳይጨርስ፣ እግሩ ሥር በጉልበቷ ወደቀች።

«አባትህን የገደለው ባሌ ነው» አለችው። «እሱ ሞቷል። ልጁ ሙሌ ነው። ደግሞ ሌላም አለብኝ፤ ስታድግ እንዳታገኘን፣ ዘርህም እንዳይበዛ በየንጋቱ ስለምን ኖሬያለሁ። አላወቅሁህም ነበር ልጄ።»

ታደለ መጀመሪያ ያየው እሷን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን የሾርባ ሣህን ነበር፤ ሳይታረቁ የገዳይን ቤት እህል መቅመስ ነውር ነው፣ እሱ ደግሞ ሰንብቶበታል። «እህላችሁን በላሁ?» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ ተነሥቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ሄዶ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ዘጋው። እናቴ ድንጋዩን ከጫንቃዋ ሳታወርድ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ቀረች፤ ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ደንበኛ መጥቶ ሄደ። እኔ ወደ ኦዳ የሚነዳ እየመሰለኝ መሪውን የያዘ እጁን ብቻ እመለከት ነበር።

ወደ ማታ መስኮቱን አወረደ።

«ልጅሽን አስመጪው፤ አልነካውም» አላት። «ልጅ መቅበር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለማንም አልመኝም። ደሙን ትቼልሻለሁ፣ ድንጋዩን አውርጂ። ጸሎቱን ግን እንዴት እንደምተውልሽ አላውቅም። የለመንሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው መልሺው።»

በማግሥቱ መንገዱ ሳይደርቅ ሄደ። ሙሌ ከኦዳ ሲመለስ ያገኘው የጎማውን ዱካ ብቻ ነበር፤ እየዞረ እስኪጠፋ ድረስ ሲያየው ዋለና ከዚያ በኋላ ስለ ታደለ አንሥቶ አያውቅም።

እናቴ በቀጣዩ ንጋት ለጸሎት ስትቆም የጀመረችው በሾፌሮቹ አልነበረም፣ በእኛም አልነበረም። «የኃይለ ኢየሱስን ልጆች አቁምለት፣ አብዛለት» አለች፤ እኛ መጨረሻ ላይ፣ ድምፅዋ ሲደክም መጣን። ከዚያ በኋላ ክረምትም ሆነ በጋ፣ ጾምም ሆነ ፍስክ፣ እንደዚያው ሆነ። እኔ እውነቱን ለመናገር እቀና ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ከእኛ ቀድሞ ሲጠራ፣ ያውም ያልተወለደ ልጅ፣ እናቴን የነጠቀኝ ይመስለኝ ነበር። ከማዶ የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ትጠይቅ ነበር፤ አንዱ የጅቡቲን መስመር ይዟል ይላታል፣ አንዱ መኪናውን ሸጧል ይላታል፤ ልጅ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ግን አልተገኘም።

እናቴ የእኔንም የሙሌንም ልጆች አቅፋ፣ ስማቸው፣ ስመዋት ነው ያረፈችው። ባረፈችበት ሳምንት ልጆቻችን አልጋዋን ከብበው ሲንጫጩ አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ ደስ አላት ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እኔ ዞራ «ወልዶ ይሆን?» አለችኝ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። «ወልዷል» ብዬ ልዋሽላት ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለ።

ዛሬ ያ ኮረኮንች አስፋልት ሆኗል፤ ከናይሮቢ ሞያሌ የሚሄደው አውቶቡስ ጭቃ የሚባል አያውቅም። እኔም በንጋት እነሣለሁ፤ ልጆቼን፣ የልጆቼንም ልጆች አደራ እላለሁ። እግዚአብሔር የአንዷን እናት ቃል ሰምቶ የሌላዋን ሕፃን ይወስዳል ብዬ አላምንም፤ ካህኑም አይደለም ብለውኛል። እናቴ ግን የፈራችውን ሰው በመጨረሻ ፊቱን አየች፣ ጨርቅ ነክራ ግንባሩን ጠረገች፣ እግሩ ሥር ወደቀች። እኔ የምፈራቸውን አላውቃቸውም። «ልጆቼን ከክፉ ሰው ልጅ ጠብቅልኝ» ልል እጀምርና፣ ከላይ ፎቅ ወይም ከታች ፎቅ አንዲት እናት እንደኔው ነጠላ አጣፍታ ወይም ምንጣፍ ዘርግታ፣ ይህንኑ ቃል በእኔ ልጆች ላይ እያለች እንደሆነ ሲታሰበኝ፣ ቃሉ አፌ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።