ሣጥኑን ያሰረው ሰው

ባለፈው ወር ልጄ ለትምህርት ወደ ውጭ ስትሄድ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ አብሬያት ተጓዝኩ። በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ የምትመዝነው ወጣት ሻንጣው ላይ የጠመጠምኩትን ገመድ አይታ ፈገግ አለችና «ይህን ማነው ያሰረው?» ብላ ጠየቀች። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀችው። እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ጎንደር ላይ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ ነበር።

አባቴ የደባርቅ ጫኝ ነበር። በተራራው ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ ዕቃ በበቅሎ ሲጭን ኖሯል፤ መንገድ ላይ ጭነት ተፈታበት ተብሎ ግን አያውቅም። ቡልጋሪያ ሄጄ እንድማር ዕድል ሲደርሰኝ መቆለፊያው የተሰበረውን የቆርቆሮ ሣጥኔን ለማንም አላስነካም አለ። የበሬ ቆዳ ተልትሎ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሮ፣ በእርጥቡ እንደ በቅሎ ጭነት ጠፈረልኝ። እንዲህ ያለ ጠፍር ሲደርቅ እየተኮማተረ ስለሚጠብቅ በቅሎዋ ገደል ብትገባ እንኳ ጭነቱ አይላቀቅም። የበቅሎ ጭነት ግን መሀል መንገድ ላይ ክፈት የሚል ፈታሽ የለበትም። ይህን እኔም አባቴም አላሰብነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የወገራ ገብስ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ወደ ጎንደር የተሳፈርንበት አውቶቡስ ዳባት ላይ ሲቆም አባቴ የባቄላ እሸት ገዝቶ እየፈለፈለ መዳፌ ላይ ያኖርልኝ ጀመር። እኔ ግን ባቄላውን እንደያዝኩ ሰዓት እቆጥራለሁ። ወደ ቡልጋሪያዋ ሶፊያ የሚሄደው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሚነሳው በማግስቱ ማታ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝ የጎንደሩ አውሮፕላን ካመለጠኝ ያም ያመልጠኛል፤ ቦታዬን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ እንዳለም ተነግሮኛል። በየኬላው ደረት ኪሴን እየዳበስኩ ወረቀቶቼ መኖራቸውን አረጋግጣለሁ። ሣጥኑ ደግሞ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲጠጣ ዋለ።

በማግስቱ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ፈታሹ «ክፈት» አለኝ። ጠፍሩ ብረት ሆኗል። ስታገለው ጥፍሬ ተሰበረ።

«ምን ደብቀህ ነው እንዲህ የጠፈርከው?»

«ምንም የለበትም፣ ጓድ።»

«ማነው ያሰረው?»

አባቴ ከአጥሩ ውጭ በተጣፈ ካፖርቱ ቆሟል። እንደኔው ለትምህርት የሚሄዱ፣ ሱፍ የለበሱ ሁለት የጎንደር ልጆች ከጎኔ ሆነው ያዩኛል።

«አንድ ጫኝ ነው» አልኩ። «ከገበያ ያገኘሁት።»

ከጣጣ ላድነው ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት አታልያለሁ። አይደለም፤ አፍሬበት ነው።

ጊዜው ክፉ፣ ፈንጂም የሚያሰጋ ነበርና ፈታሹ «ያሰረው ይፍታው! ሌላ ሰው እጁን እንዳያሳርፍበት» አለ። የት እንዳለ ሲጠይቀኝ በጣቴ ወደ አጥሩ ጠቆምኩ። አንድ ወታደር ሄዶ አባቴን አመጣው።

«የዚህን ልጅ ሣጥን ያሰርከው ጫኝ አንተ ነህ? ከገበያ ያገኘሁት ነው ይላል።»

አባቴ አንዴ ብቻ አየኝ።

«አዎ ጌታዬ፣ እኔው ነኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ይቅር ይበሉኝ ጌታው፤ አጥብቄብዎታለሁ» አለኝ።

ወልዶ ያሳደገኝ ሰው አንቱ አለኝ።

አንድ ጣሳ ውሃ ለምኖ ቋጠሮው ላይ አፈሰሰና እስኪርስ ተንበርክኮ ጠበቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ አልቋል፤ የአውሮፕላኑ ሞተር ያጓራል። አባቴ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው።

ፈታሹ ልብሴን በርብሮ አንድ ከረጢት አነሳ። «ይህ ዱቄትሳ?»

«በሶ ነው፤ እናቱ...» ብሎ አባቴ ቃሉን ገታ። «እናታቸው ያዘጋጁላቸው ይሆናል።»

ፈታሹ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። ገብቶታል መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልነካም። «ቶሎ እሰርለት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ መልሶ አሰረው፤ አሁን ግን ጫፉን ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ አደረገው። በእኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ልጅ የአባቱን ጉልበት ስሞ ይመረቃል። የጫኝ ጉልበት ግን አይሳምም። እሱም ልብሱን አራግፎ ተነሳና «መንገድዎን ያቅናልዎ» አለኝ። በአንቱታ ተመርቄ ሄድኩ።

ሁለቱም አውሮፕላኖች አላመለጡኝም። ሶፊያ ደርሼ ጠፍሩን በአንድ ጣቴ ሳብ ባደርገው ተፈታ፤ ሣጥኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ጉልበቱን ስሜያለሁ። ያን ቀን ግን አንስቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ ዛሬ ነገ ስል ሞተ።

ልጄ ግን ዕቃ ለምትመዝነው ወጣት ወዲያው መለሰችላት። «አባቴ ነው! ገመድ ሲያይ አያስችለውም» አለችና ክንዴን ይዛ ሳቀች።

ወጣቷም ስቃ ሻንጣውን ልትገፋው ስትል «ቆይ» አልኳት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«ማሰር ያስተማረኝ ደግሞ» አልኩ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማኝ፣ «የደባርቁ ጫኝ ነው። አባቴ ነው።»