ለሙከራ የታጠቡት ኳሶች

ፑል ቤቱ ውስጥ ሰውየውን በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የለም። ለደንበኛው ሁሉ «ጋሼ መስታወት» ነው፤ እሱ የወለወለውን ኳስ አንስቶ ጸጉር ማበጠር ይቻላል ብለው ነው ያወጡለት። አልዋሹም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ሳይከፈት፣ የአራቱን ጠረጴዛ ስልሳ አራት ኳስ ለብ ባለ ውሃ አጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ ፖሊሽ ቀብቶ በጨርቅ እየፈተገ ይደረድራል። ጥቁሯን ስምንት ቁጥር ሁሌም መጨረሻ ነው የሚያደርጋት። ለምን ሲሉት፣ «ጥቁር አያስዋሽም፤ የእጅህን ሥራ እንዳለ ያሳይሃል» ይላል።

ፑል ቤቱ የታላቅ እህቱ ነው። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ «ለአንድ ሳምንት ነው» ብሎ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣባት። ከጓዳው ጎን ያለችውን ክፍል ለቀቀችለት። እሱ ደግሞ በሰው ቤት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ሞቱ ነው። በማግስቱ ጨርቅ አነሳ። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ያቺ አንድ ሳምንት ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀችም።

ዘንድሮ ታዲያ የቀኝ እጁ አንጓ አሻፈረኝ አለ። ኳስ በፈተገ ቁጥር ይጠዘጥዘዋል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ እንደተቆለፈ እንደ ሹራብ በአናቱ ማጥለቅ ጀመረ። ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አይቶ፣ «በዚሁ ከቀጠሉ ማንኪያም አይይዝልዎትም» አለው። እሱ ግን ለእህቱ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ እህቱ ከመሬት ተነስታ፣ «የኳስ ማጠቢያ ማሽን አለ አሉ። ሄደህ ምረጥልኝ፤ ኳስ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አለችው።

ኳሱን ማሽን ካጠበው እሱ እዚህ ቤት ምንድን ነው? የሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ! በገዛ እግሩ ሄዶ ተተኪውን መርጦ ሊመጣ ነው። ግን እሷን እምቢ ማለት አይችልበትም። «እሺ እትዬ» አለና አሥራ ስድስት ኳስ በዘንቢል ይዞ ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ማሽን ተደርድሯል። ሻጯ ፍልቅልቅ ያለች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። «ሞክሬ ነው የምገዛው» ሲላት ዘንቢሉን ከፍታ አየችና ግራ ገባት።

«ጋሼ፣ እነዚህ አዲስ ናቸው እንዴ?»

«ኧረ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።»

«ታዲያ ምናቸው ይታጠባል?»

ያኔ ነው የሠራው ሥራ የገባው። የቆሸሸ ኳስ ይዞ ሰው ፊት መቅረብ አሳፍሮት፣ ሲነጋ ተነስቶ፣ በዚያ በሚጠዘጥዘው እጁ፣ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ፈትጓቸው ነበር የመጣው። የማጠቢያ ማሽን ሊፈትን! ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ባንኮኒው ላይ ተደፋች።

እንግዲህ ማቆሸሽ ግድ ሆነ። ከሱቁ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ ኳሶቹን አንድ በአንድ አፈር ላይ አንከባለላቸው። ኪሱ ውስጥ የነበረውን የኳስ መምቻ ስቴካ ሰማያዊ ጠመኔም ቀባባቸው። መንገደኛው እየዞረ ያየዋል። ጥቁሯ ላይ ሲደርስ አንጀቱ አረረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያንከባለላት።

የመጀመሪያው ማሽን ሲነሳ የሱቁ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጠመኔው ቁጥሮቹ ላይ እንዳለ ነው። «ይሄማ ማጠብ ሳይሆን ማስፈራራት ነው» አለ፣ ደስም እያለው። ሁለተኛው ቆሻሻውን አነሳ፤ ኳሶቹን ግን ፈዘዝ አድርጎ መለሳቸው። ይሄም አስደሰተው። እንደገና አቆሽሾ ሲሰጠው፣ ሦስተኛው፣ ባለ መስታወት ክዳኑ፣ ለአሥር ደቂቃ በለሆሳስ እያጉረመረመ አሽከረከራቸውና ቀጥ አለ። ጥቁሯን አወጣት። ፊቱን አየባት። መላጨት የረሳት አንዲት የአገጭ ጸጉር ሳትቀር ታየችው። እሱ በወለወላት ጊዜ ይህን ያህል አሳይታው አታውቅም። ከፋው፣ በጣም ከፋው።

እጁን ያ ጯሂ ማሽን ላይ አሳረፈ። ይህንን ቢገዛ ሥራው እንዳለ ይኖራል፤ ማሽኑ የተወውን እሱ ይጨርሳል። ማን ያውቅበታል?

«እሱን ላሽግልዎት?» አለች ልጅቷ።

ጥቁሯ ኳስ አሁንም በሌላው እጁ ናት። አያት።

«ተይው፣ ባለ ክዳኑን» አላት።

ቤት ሲደርስ እህቱ ማሽኑን ባንኮኒው ጥግ አስቀመጠች፤ ኳሶቹን ከተተች፣ ሶኬቱን ሰካች። እሱ የማያስፈልገውን ጨርቅ ይዞ አጠገቡ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ከእኔ ይበልጣል» አላት። «እንግዲህ እኔም ሻንጣዬን...»

«የምን ሻንጣ?»

«ሥራ የሌለው ሰው እስከ መቼ ይከብድሻል ብዬ ነው።»

እህቱ ጨርቁን ከእጁ ወሰደች። «ሸሚዝህን እንደተቆለፈ በአናትህ ማጥለቅ ከጀመርክ ሁለት ወርህ ነው። ያላየሁ መሰለህ? ማሽኑን ለማን ያስመጣሁት ይመስልሃል?»

እሱ ጎንበስ ብሎ የሸሚዙን ቁልፍ አየ።

«የመጣህ ቀን ማታ ምን አልኩህ?»

አስታወሰ። ያኔም እዚሁ ባንኮኒ ጋ ነበር የቆሙት፤ ሻንጣው ገና ከእጁ አልወረደም ነበር።

«ቁጭ በል አልሽኝ» አለ።

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መቼ ተቀመጥክ?» አለችና ወንበር ሳበችለት።

ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር ወደ ማሽኑ ዞሮ አፈጠጠ። ማሽኑ ቀጥ ሲል ከልማዱ ብድግ ሊል ነበር፤ እህቱ ትከሻውን ይዛ መለሰችውና እሷው ኳሶቹን እያወጣች ትደረድር ጀመር። ጥቁሯን መጀመሪያ አወጣቻት። እሱም አይቶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።