የኤዶ ሃዋ ወተት ከጀልዴሳ እስከ ታይዋን

ማለዳ ከድሬዳዋ ወደ ጀልዴሳ የወጣሁት ወተት ላመጣ ነው። ሥራው ለእኔ አዲስ ነበር። ሦስት ፒክአፖች ከየመንደሩ ወተት ሰብስበው ፀሐይ ሳይበረታ ከተማ ያስገባሉ። በየመኪናው አንድ ስልክ፣ በየስልኩ ደግሞ ወኪል የሚሉት ፕሮግራም አለ። ያሠለጠነን ልጅ እንደነገረን፣ መንደሩና ደንበኛው ሲበዛ የመንገዱ አማራጭ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ ሦስቱ ወኪሎች እየተነጋገሩ ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ ለአንዱ መኪና መንገዱ ቢረዝምም ለሁሉም የሚበጀውን ይመርጣሉ። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢሆንም ይህ ገብቶኛል።

ጀልዴሳ

መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። ሾፌራችን ያሲን ከያዘው ሳምቡሳ አካፈለኝ፤ አፍሬ ቀስ እያልኩ በላሁ።

ኤዶ ሃዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ቀድሞ አንድ ደላላ ወተቷ ላይ ውሃ ጨምሮ ደንበኞቿን አሽሽቶባት ነበር። አራት ጀሪካን አስረከበችኝና፣

«ከእጅሽ እንዳይወጣ» አለችኝ። «ዛሬ ከተበላሸ ሁለተኛ አልሰጣችሁም።»

አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ።

መገንጠያው

ስንመለስ ስልኩ ጮኸ። የሦስተኛው መኪና ጎማ ፈንድቷል። ወኪሎቹ ወዲያው ሥራውን እንደ አዲስ አከፋፍለውታል፦ የያዝነውን ለሁለተኛው መኪና አስረክበን፣ ተመልሰን ሦስተኛው ያልደረሰበትን መንደር ወተት እንድናመጣ።

ሁለተኛው መኪና ግራር ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ሙሴ ትልቅ ሰውዬ ነው። «አምጪያ!» አለኝ።

ጀሪካኖቹን ይዤ ቀረሁ።

«አቦ ስጪው!» አለ ያሲን። «ወኪሎቹ ተስማምተዋል።»

«ኤዶ ሃዋ አልተስማማችም።»

«ደውይላታ! ወተቱ እስክትደፍሪ አይጠብቅም።»

ደወልኩ።

«ሙሴን አላውቀውም» አለች። «ስልኩን ስጪው።»

በሶማሊኛ ጀመሩ። የማን ልጅ ነህ፣ አያትህ ማን ነው፣ ከብት የምታጠጡት የት ነው። ፀሐዩ ጀሪካኖቹ ላይ ደረሰ። ጆንያ አርጥቤ አለበስኳቸው፤ ጆንያው ዓይኔ እያየ ደረቀ። በዚያኛው መንደርም ወተት እየጠበቀን ነው።

«ጋብቻ ሊጠይቅ ነው እንዴ?» አለ ያሲን።

ድንገት ሙሴ ሳቀ። የአያቱን እህት ያገባው ለካ የሃዋ አጎት ነው! ስልኩን መለሰልኝ።

«ስጪው» አለች ሃዋ። «ካበላሸው ቤቱን አውቀዋለሁ።»

ታይዋን

ከዚያኛው መንደር አምስት ጀሪካን ጭነን በረርን። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ስንሻገር ከተማው እንደ ምድጃ ይግላል።

ታይዋን ገበያ ጫፍ ላይ የሁሉንም ወተት የምትረከበው ሂንዲያ፣ ሙሴ ያደረሰውን አንድ በአንድ እየከፈተች ነበር። አሸተተች። ቀመሰች።

«ደህና ነው» አለች፤ «የሃዋ ወተት ነው፣ ውሃም የለበትም።»

ቀጥላ እኔ ያመጣሁትን ከፈተች። አራቱ ደህና ነበሩ። አምስተኛው ላይ ፊቷን አጨማደደች። «ይቺ ጎምዝዛለች።»

ግራሩ ሥር ዘመድ ሲፈለግ ያለፈው ጊዜ ያበላሸው የዚያችን ጀሪካን ወተት ነበር።

ቤት

ለገሃሬ ሰፈር ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ኤዶ ሃዋ ደወለች።

«ነገስ ወተቴን ለማን ነው የምሰጠው?»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ወኪሎች በቅጽበት ይስማማሉ፤ ሰው ግን ወተቱን ለማያውቀው አይሰጥም። ትውውቁ ፀሐይ ሳይወጣ ማለቅ አለበት። ለዚህም ጎማው ተጠግኖለት የመጣውን የሦስተኛውን መኪና ሾፌር ገበያ ውስጥ አስቁሜ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቄው ነበር።

«ለእኔ ነው የምትሰጪው» አልኳት። «ምናልባት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ይቀበለኛል። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ አሁኑኑ ልንገርሽ።»