የጠረጴዛዬ ገብስ

እናቴ ጉልበቷን ታማ ከስማዳ ወደ እኔ ስትመጣ፣ ንፋስ መውጫ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ነበረ። ሐኪሙ ዳገትና ቁልቁለት ለጊዜው ይቅርባት ብሏል። የእናቴ አገር መንገድ ደግሞ ከዚያ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ አስተምሬ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ ሰው አገኘሁ። እሷ ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ሻሿን አስራ፣ "በይ እንግዲህ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ" ትላለች። ሥራ የለማ! ግቢው ሲሚንቶ፣ ውሃው ከቧንቧ፣ ዱቄቱ ከወፍጮ ቤት። "እንደ ሙሽራ ተጎልቼ እስከ መቼ?"

ቤቱን ላሳምርላት ብዬ ከገበያ አንዲት የአበባ መትከያ ገዛሁ። ምርጫው ቀላል አልነበረም። ፕላስቲኩ ቀለሙ ያምራል፤ ግን በዚህ ከተማ ነፋስ መስኮት ሥር አይቆምም። ትልቁ ሸክላ ጠረጴዛዬን ጠቅልሎ ሊይዝብኝ ነው፤ የተማሪዎቼን ደብተር የት ላርም? በመጨረሻ በሁለት እጅ የምትታቀፍ፣ ሥሯ የተበሳ፣ ከነማስቀመጫ ሳህኗ አንዲት ሸክላ አነሳሁ። ከባልደረባዬ የለመንኩትን ቅጠለ ወፍራም አበባ ተከልኩባት።

እናቴ ማሰሮ የምትገዛው በጣቷ ቆርቁራ፣ ድምፁን አዳምጣ፣ ውሃ ሞልታ ነው። የእኔንም ብድግ አድርጋ ሥሯን አየች።

"ውይ ልጄ! ቀዳዳ ሸጡልሽ!"

"ሆነ ተብሎ ነው እማዬ፤ ውሃው እንዲወጣ።"

"ሊወጣ ምን አስገባው?"

እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት፣ ነጋዴውን እየረገመች ቀዳዳውን በጧፍ ሰም ድፍን አደረገችልኝ። ከዚያም በየጠዋቱ ውሃ ማጠጣት ሆነ። አበባው ብዙም ሳይቆይ እንደ በሰበሰ ድንች ተዝለፈለፈ። ሳነሳው ከሥሩ ሰም አገኘሁ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

"ገደልኩብሽ" አለች። "ለዚህም አልሆንኩ። በቀጣዩ ገበያ እሄዳለሁ።"

ያን ዕለት እንደ ልማዷ ለማስፈራራት ሻሿን አላሰረችም፤ የምሯን ነበር። ሰሙን በቢላ ፍቄ አወጣሁና ሸክላዋን ፊቷ አስቀመጥኩ። "እንግዲያው የፈለግሽውን ዝሪባት" አልኳት።

ቀስ ብላ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፤ ከቤቷ ቋጥራ ያመጣችው ገብስ ነበር። የማትበላበትን ሹካዬን አንስታ አፈሩን ደግማ ደጋግማ ገለበጠችው። "ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያርስልኝ ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ አረስኩ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ልሂድ የሚል ነገር ቀረ። ሰብል ጥሎ የሚሄድ ገበሬ የለም።

ጠረጴዛዬ ማሳ ሆነ። እናቴ የምታርመው አረም በማጣቷ ስትቆዝም ከርማ፣ አንድ ቀን አንዲት ሙጃ ብቅ ብትል ዘመድ የመጣ ያህል ጠራችኝ። እኔም ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ገብሱን ማየት ጀመርኩ፤ ዘር ከልጓም ይስባል። አንድ ቀን ታዲያ አፈሩን ላላላ ሹካ ባነሳ ጮኸችብኝ።

"ዛሬ ሚካኤል አይደል? በረዶ ልታወርጅብን ነው?"

"ቤት ውስጥ እኮ ነው እማዬ!"

"በዓል ቤትና ሜዳ ይለያል? ውሃ ስጪው፤ ለከብትም በበዓል ውሃ ይሰጣል። አፈር ግን አይነካም።"

ማሳችን ስንዝር ታክላለች ብዬ ስቄባት አፈሩን ነካካሁ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ቆርቆሮውን ይወግረው ገባ። እናቴ ጣሪያውን ትታ እኔን ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ በበዓል ሹካ አንስቼ አላውቅም።

ገብሱ ቢጫ ሲሆን ግን ሳቄ ቀነሰ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጉልበቷም ተሽሏታል። ከአጨዳ በኋላ ምን ይይዛታል? በመቀስ አጨደችው፣ በመዳፏ አሸችው፣ እፍ ብላ ገለባውን አበረረች። ፍሬው እፍኝ እንኳ አልሞላም። ለሁለት ከፈለችና ገሚሱን ቆልታ አቀረበችልኝ። ከዚያ የሚጣፍጥ ቆሎ በልቼ አላውቅም። የቀረውን መቀነቷ ጫፍ ላይ ስትቋጥረው አየኋት።

"ለስማዳ ነው?" አልኳት።

"የስማዳውን ወንድምሽ ያርሰው የለ? ይሄ የዚሁ የጠረጴዛው ዘር ነው።" ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገች። "ብቻ ለከርሞው ሰፋ ያለ ሸክላ ግዢ። ቀዳዳ ያለውን።"